ሙሉ የተከፈተው ቫልቭ

ጥሩሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ የብልባላ ሰው ሁሉ ይመሰክርለታል። ግን አንዴ ከጠረጠረ አለቀ፣ እንቅልፍ የለውም።

የምንጩ ውኃ በቧንቧ ቁልቁል ወርዶ፣ በእነ አረጋ መንደር አልፎ፣ በራሱ ግፊት ሽቅብ ይወጣና የእነ ጥሩሰው ጉብታ ላይ ካለው ቦኖ ይደርሳል። ወደ ጉብታው የሚያሳልፈው ቫልቭ አረጋ ደጅ ነው። አረጋ ደግሞ የጥሩሰውን ልጅ ክርስትና ያነሳ አበልጁ ነው። በጥቅምት አሮጌው ቫልቭ ዝጎ አልዞር ሲል፣ ጥሩሰው የውኃ ኮሚቴ ነውና ላሊበላ ድረስ ሄዶ ሆዱ ድቡልቡል ያለ፣ የሚያብረቀርቅ አዲስ ቫልቭ መርጦ ገዛ፤ አረጋ ገጠመው። ከዚያ ወዲህ ጉብታው ላይ አንድ ጀሪካን ለመሙላት ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ጀመር።

አረጋ ይዘጋብናል፣ አለ ጥሩሰው በልቡ። ሄዶ ቢያይ ቫልቩ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ስመጣ አይቶኝ ነው የከፈተው፣ አለ። የአረጋ የጓሮ ጎመን መለምለሙስ? ጥቁር ክር አምጥቶ፣ ቢዞር እንዲበጠስ እጀታውን ከቧንቧው ጋር አሰረ። በሳምንቱ ሲመለስ ክሩ እንዳለ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። እሱ ግን ይባስ ብሎ፣ አረጋ ፈትቶ መልሶ አስሮታል ብሎ ቋጠሮውን ይመረምር ያዘ። ምን ይሉታል ይህን!

አረጋን ቅሬው ፊት ከሰሰው። ቅሬ እንደ ዕድር ቀባሪ ነው፤ ከቅሬ የወጣ ሰው ሬሳ ታቅፎ ብቻውን ይቀራል። አረጋ በመስቀል ልማል አለ። ጥሩሰው ግን ለመሐላ የሚቸኩል ሰው አይታመንም ብሎ ሽማግሌዎቹን አሳመነ፤ አረጋ ተባረረ።

በታኅሣሥ የአረጋ እናት እማሆይ ወለተ ሐና አረፉ። የቅሬው ጥሩንባ አልተነፋም። ጥሩሰው መርዶውን ሲሰማ ጋቢውን ለብሶ እስከ ደጁ ወጣ፤ ዳሩ ግን ከሄድኩ ጥፋተኛው እኔ እመስላለሁ ብሎ ቀረ።

ከቀብሩ በአራተኛው ቀን ምሥራቅ የምትባል የወረዳው የውኃ ባለሙያ የውኃውን ማነስ ልታጣራ መጣች። ቫልቩን ፈትታ ሆዱን ለጥሩሰው አሳየችው። መሐሉ ላይ ግድግዳ አለ፤ ውኃው ሽቅብ ታጥፎ፣ ከቧንቧው በግማሽ በጠበበ ቀዳዳ ተሹለክልኮ፣ እንደገና ይታጠፋል።

«ሙሉ ቢከፈትም ውኃው ጉልበቱን እዚሁ ይጨርሳል፤ ዳገት የሚወጣበት አይተርፈውም» አለች። «የአሮጌው ቫልቭ መዝጊያ ሳንቃ ወደ ላይ ሲነሳ መንገዱን ወለል አድርጎ ይለቅለት ነበር። ይህንን ማን ገዛው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጥሩሰው።

እሷ ይዛ የመጣችውን፣ እንደ አሮጌው ያለ ቫልቭ ስትገጥም ጉብታው ላይ ውኃው ተንዠቀዠቀ። ጥሩሰው ያንን አላየም። ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ አረጋ ደጅ ተንበርክኮ ነበር።

አረጋ ወጣ።

«እናቴን የተሸከምናት አራት ነበርን» አለው። «ትከሻ የሚቀይረን ፈልጌ መንገድ መንገዱን ሳይ ነበር፣ አበልጅ። የጠበቅሁት አንተን ብቻ ነው።»

ድንጋዩን አውርድ ግን አላለውም።