ሳጥን የሆነችው ፊደልና «የዘኒ» ሲዲ

ሰኞ ጠዋት ነበር... መምህር ኦሞድ ቢሮዬ ገብቶ፣ ሰላምታ እንኳን ሳያበዛ፣ አንድ የተማሪ ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋልኝ። ገጹ ሙሉ ሳጥን ነው። ትንንሽ፣ ባዶ ሳጥኖች፣ መስመር ጠብቀው ተደርድረዋል።

«ዘኒ፣ ይሄን ፊደል እኔ አላስተማርኳቸውም» አለኝ። አልተቆጣም... ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጊዜው ክልላችን ገና መሥሪያ ቤቶቹን የሚያቋቁምበት ነው። እኔ ጋምቤላ ከተማ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ፤ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ታይፕ ተምሬ፣ ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ «ጣትሽ ፈጣን ነው» ተብዬ ፊቱ የተቀመጥኩ። ልጆች በአኙዋክኛ የሚማሩበትን መጽሐፍ የምተይበውም፣ ገጹን የማሰናዳውም እኔው። አኙዋክኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፣ ጭራ ያላት ኤን ደግሞ አለችው። ስክሪን ላይ እንደ ሙሽራ ቆንጆ ናት፣ ወረቀት ላይ ስትወጣ ሳጥን! ቢሮው ያለው ፕሮግራም ማተም ላይ ሲደርስ ጨርሶ አያውቃትም። እኛ ያየነው ታትሞ፣ ታድሎ ካለቀ በኋላ ነው። ልጆቹ ምን ያድርጉ? መጽሐፉ ላይ ሳጥን አዩ፣ ሳጥን ጻፉ። ሁለተኛው መንፈቅ ሳይጀመር እንደገና ታትሞ ካልደረሰላቸው ዓመቱን በሳጥን ሊጨርሱ ነው።

ኦሞድ ባዶ እጁን አልመጣም። አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዶ ሳለ የተሰጠውን ሲዲ «ለአንቺ ይሁን» ብሎ ሰጠኝ። መጽሐፍ በሉት መጽሔት፣ ገጽ የሚያሰናዳ ፕሮግራም ነው፣ ያውም በነፃ። ማንም ቢገለብጠው፣ ለማንም ቢሰጠው የተፈቀደ። እኔ አላመንኩም... ነፃ ነገር እስከ ስንት ይሄዳል ብዬ። ለሙከራ ኮምፒውተሬ ላይ ጫንኩት፣ ግማሽ ቀን መከራዬን አበላኝ፣ በመጨረሻ አንድ ገጽ አተምኩ። ጭራዋ ወጣች! እልል አልኩላችሁ። ከጎን ቢሮ ሰው የወለደ መስሏቸው መጡ። ሲዲው ላይም በቀይ ማርከር «የዘኒ፣ እንዳትነኩ» ብዬ ጻፍኩበት።

ማተሚያ ክፍሉ ኮምፒውተሮች ላይ ለመጫን ግን ግዢ ክፍል መፍቀድ አለበት። የግዢው ኃላፊ አቶ ታደሰ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ዋጋው ስንት ነው?» አሉኝ።

«ነፃ ነው።»

«ነፃ ዋጋ አይደለም ዘነበች። ሦስት ፕሮፎርማ አምጪ።»

ለማይሸጥ ነገር ማን ፕሮፎርማ ይሰጠኛል ብል መመሪያ ጠቀሱልኝ። ጊዜ የለንም ብል መመሪያው ስለ ጊዜ አይናገርም አሉኝ። ልጆቹ ሳጥን እየጻፉ ነው ብዬ ደብተሩን ባሳያቸው፣ አገላብጠው አገላብጠው አዩና... «የእጅ ጽሑፋቸው ግን ጥሩ ነው» አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ይቺን ሳስታውስ ደሜ ይፈላል።

ኒውላንድ ሰፈር ወረድኩ። እዚያ የጽሕፈት መሣሪያና ኮምፒውተር የሚሸጥ ሙሌ የሚባል ነጋዴ ነበር። ዜሮ ብለህ ጻፍልኝና ማኅተም አሳርፍበት ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ።

«ዜሮ ልፈርም? ገቢዎች ታዲያ ምን በልተህ ታድራለህ አይሉኝም?»

ምን ዓይነት ፕሮግራም እንደሆነ ልየው ብሎ ሲዲዬን ተቀብሎኝ እሱው ጋ አስቀረና ዋጋ ጻፈ። ሌሎች ሁለት ሱቆች ደግሞ፣ ዕቃው ምን እንደሆነ እንኳን ሳይጠይቁኝ፣ የሙሌን ወረቀት እያዩ ከሱ ከፍ አድርገው ጻፉ። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ «ይህ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል» የሚል ማስታወሻ ከላይ አያያዝኩ። ኮሚቴ ተሰበሰበ። የእኔ ማስታወሻ ማኅተምም ንግድ ፈቃድም ስለሌለው ውድቅ ተደረገ። አሸናፊው ሙሌ ሆነ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ «ዕቃሽ ገብቷል» ተብዬ ንብረት ክፍል ተጠራሁ። የግምጃ ቤት ሠራተኛዋ አንድ ፖስታ ሰጠችኝ። ከፈትኩት... ሲዲ ነው። በቀይ ማርከር «የዘኒ፣ እንዳትነኩ» ይላል።

የዚያን ቀን የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፣ ልጆች ያነባሉ። በዚያ በእኛ ፀሐይ፣ ጃንጥላዬን ረስቼ፣ በእግሬ ኒውላንድ ደረስኩ። ሙሌ አንገቱን እያከከ «ዘኒዬ፣ ባዶ ሲዲ አልቆብኝ ነው እኮ» አለኝ። በሱ ቤት ጥፋቱ ነፃውን ነገር፣ ያውም የእኔኑ ሲዲ፣ መሸጡ አይደለም... ሲዲ ማለቁ ነው!

አቶ ታደሰ ጋ ተመለስኩ። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣

«ቅድም የአንቺ ነበር፣ አሁን ሕጋዊ ሆነ። ፈርመሽ ተረከቢ» አሉኝ።

ሕጋዊ! ወረቀቱን ፊታቸው ላይ ልበትነው ምንም አልቀረኝም። ግን ያ ሳጥን የሞላው ደብተር ትዝ አለኝ... ካልፈረምኩ ማተሚያ ክፍል አይጭነውም። ጥርሴን ነክሼ የንብረት ወጪ ቅጹ፣ ሞዴል ሃያ ሁለት ላይ ፈረምኩና የራሴን ሲዲ ከመንግሥት ተረከብኩ።

መጽሐፉ ለመንፈቁ ደረሰ። ኦሞድ ሌላ ደብተር ይዞ ሲመጣ ከሩቅ ይስቃል። ልጆቹ ጭራዋን አሳምረው ጽፈዋታል። አንዷ ብቻ የድሮውን መጣል አልሆነላትም መሰለኝ፣ ጭራ ያላትን ኤን ሳጥን ውስጥ አስገብታ ነው የጻፈቻት። ስስቅ እንባዬ መጣ። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ...

የሲዲው ነገር ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዓመታት በኋላ ሥራ ለቅቄ ክሊራንስ ስጠይቅ፣ መዝገብ ገልጠው «አንድ ሲዲ ይቀርሻል፣ አስረክቢ» አይሉኝ መሰላችሁ?

አስረከብኩ... ቀዩን ጽሑፍ ግን በአልኮል ጠርጌ ነው፣ እሱ ሞዴል ሃያ ሁለት ላይ የለም።