ማሽኑ ያልነው ዘፈን

ባለፈው ወር ኮምቦልቻ፣ ቤቴ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ልጄ ከስልኳ አንድ ዘፈን ከፈተች። የድሮ የእንግሊዞች ዘፈን ነው፤ የእሷ እኩዮች ዛሬ እንደ አዲስ ነገር ያገኙት። መጀመሪያ ከበሮው ብቻውን መጣ። ሰው ሳይሆን ማሽን የሚመታው፣ ደረቅ፣ የማይፈጥን የማይዘገይ ከበሮ ነው። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። "እማ፣ ምነው አላበሽ?" አለችኝ። "ሽንኩርቱ ነው" አልኳት። ሽንኩርት ያስለቅሳል እንጂ ላብ እንደማያመጣ እሷም ታውቃለች።

ያን ዘፈን መጀመሪያ የሰማሁት የዐሥር ዓመት ልጅ እያለሁ፣ ደሴ፣ በደርግ መጨረሻ ዓመታት ነው። አጎቴ አሊ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። የከባድ መኪና ሾፌሮች ከአሰብ ሲመለሱ ኮምቦልቻ ያድሩ ስለነበር ሰዓቱም ሽቶውም ሬዲዮኑም የሚገኘው ከእነሱ እጅ ነው። አንድ ቀን አጎቴ ለወንድሜ ለሰይድ ከአንድ መርከበኛ የገዛውን ዎክማን ከነካሴቱ አመጣለት። ካሴቱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ስለጠፋ የዘፋኞቹን ስም አላወቅንም፤ እንግሊዞች መሆናቸውን የነገረን የሰይድ አስተማሪ ነው። ስለዚህ ስሙን እኛው አወጣን። አንዱን "ጉንፋን" አልነው፤ ዘፋኙ አፍንጫው የተደፈነ ይመስላል። አንዱ "ጦሳ" ነበር፤ ኪቦርዱ እንደ ጦሳ ተራራ ጉም ቀስ እያለ ይወርዳል። እኔ የምሞትለት ግን "ማሽኑ" ነበር። ባስ ጊታሩ ከዘፋኙ ቀድሞ ይሄዳል፣ ከበሮው ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። እናቴ አንድ ጊዜ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማችና "ይኼ ደግሞ ዘፈን ነው ወይስ የጣሪያ ሥራ? አላህ ይድረስላቸው!" ብላ መለሰችልን።

ያን ዓመት አፈሳ በርትቶ ነበር። የቀበሌ ጠባቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ወጣት ይለቅማሉ፤ የተለቀመው በመኪና ተጭኖ ወደ ማሠልጠኛ፣ ከዚያም ወደ ጦር ግንባር ነው። የሰፈራችን ወንዶች አብዛኞቹ ኩታበር ዘመድ ቤት ተሸሽገዋል። ሰይድ ግን ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ማትሪክ ሊፈተን ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ አልሄድም አለ። ታዲያ አንድ ዘዴ ነበረን። ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ መታጠፊያው ላይ የሚኖሩት እትዬ ብርቄ፣ የእናቴ የልብ ጎረቤት፣ ጠባቂዎቹ ሲመጡ ካዩ ባዶ ሙቀጫ ይወቅጣሉ። እህል ያለበት ሙቀጫ ድምፁ ድፍን ነው፤ ባዶው ግን ይጮኻል። ሴት በቤቷ ብትወቅጥ ማን ምን ይላታል? ያን ጊዜ ሰይድ ኮርኒስ ውስጥ ይገባል። የሚያጠናበት ጓዳ ድረስ ድምፁ ስለማይደርስ፣ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ማዳመጥ የእኔ ሥራ ሆነ። ደመወዜ ሲመሽ የካሴቱ አንድ ገጽ ነበር።

ዕለቱ ሰኞ ነው። እናቴም ሰፈሩም ገበያ ሄዷል። ሰይድ ጓዳ ውስጥ ያጠናል፤ ዎክማኑ በመስኮቱ ደፍ ላይ አለ። ደመወዜን አስቀድሜ ብወስድ ምን አለበት አልኩ። ደግሞም ሞኝ አይደለሁም፤ አንዱን ጆሮዬን ለዘፈኑ፣ ሌላውን ለጥበቃው አደረግሁ። "ማሽኑ" ጀመረ። መሃል ላይ ሌላ ከበሮ ገባበት፤ ከመጀመሪያው ጋር ይቀባበላል፣ አንዳንዴም ይቀድመዋል። ዛሬስ እንዴት አምሮበታል አልኩ በልቤ። ዓይኔን ጨፍኜ ራሴን እየነቀነቅሁ አብሬ ጉልበቴን መታሁ። ዘፈኑ አለቀ። ካሴቱ ሽሽሽ አለ። ከበሮው ግን አላቆመም።

"ሰይዶ!" ብዬ ስጮህ በሩ ተደበደበ። ወንድሜ ወንበር ላይ ወጥቶ አንድ እግሩን ኮርኒሱ ውስጥ ሲያስገባ ደረሱበትና ጎትተው አወረዱት። አንድ ጫማው እዚያው ቀረ። ይዘውት ሲወጡ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ማዳመጫ አየ። "ሀያት፣ በሩን ዝጊው፣ ይበርድሻል" አለኝ።

እናቴ ወሬው ገበያ ድረስ ደርሷት ዘንቢሏን እንደያዘች እየሮጠች መጣች። ትንፋሽዋ ሳይመለስ "ብርቄ አልወቀጠችም?" አለችኝ።

"አልወቀጡም" አልኳት።

እትዬ ብርቄን ደጃቸው ላይ ዘነዘናቸውን እንደያዙ አገኘናቸው። "ልጄን ሸጥሽው! የራስሽን ልጅ ኩታበር ደብቀሽ የእኔን ሰጠሻቸው!" ብላ እናቴ ጮኸችባቸው። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። "ዘይነባ፣ ሥላሴን! እጄ እስኪላጥ ወቅጫለሁ!" አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ። በእርግጥም ተልጦ ነበር። እኔ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ቆሜያለሁ። እትዬ ብርቄ ድንገት አዩኝ። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልሁ። ከዚያ በኋላ አልማሉም፤ እጃቸውንም ሰበሰቡ። ሰፈሩ ዝምታቸውን እንደ ማመን ቆጠረው።

ለዒድ ከእኛ ወደ እሳቸው፣ ለፋሲካ ከእሳቸው ወደ እኛ ይሄድ የነበረው ዳቦ ቆመ። ቅሬ፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ተሰብስቦ ለቅሶ ሲቀመጥ እንኳ አጠገባቸው የሚሆን ሰው ጠፋ። እኔ ውኃ ልቀዳ ስወጣ በደጃቸው እንዳላልፍ ዙሪያውን እሄድ ነበር። ሰይድ ሲመለስ እውነቱን እናገራለሁ ብዬ ለራሴ ማልሁ። ደርግ ሲወድቅ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ በእግሩ ተመለሰ፤ አልሐምዱሊላህ። እናቴ ከደስታዋ ብዛት ትስቅና ታለቅስ ነበርና ያን ደስታ ማደፍረስ ፈራሁ። ከዚያ ትምህርት፣ ከዚያ ትዳር፣ ከዚያ ልጅ። ሰይድ ራሱ አንድም ቀን አላነሳብኝም። አምና እናቴ ሞተች። እስከዚያች ቀን ድረስ ከእትዬ ብርቄ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገረችም።

ልጄ ዘፈኑን በከፈተች ማግስት ሚኒባስ ተሳፍሬ ያን ጠመዝማዛ ዳገት ወደ ደሴ ወጣሁ። እትዬ ብርቄ በጣም አርጅተዋል፤ ቤታቸው ያው ነው። ጉልበታቸውን ሳምሁና ሳልቀመጥ ሁሉንም ተናገርሁ።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "እየወቀጥሁ በመስኮቱ አይሽ ነበር እኮ። ያን ነገር ጆሮሽ ላይ አድርገሽ ራስሽን ትነቀንቂያለሽ። እንዳልጠራሽ ሰዎቹ ደጄ ላይ ናቸው። በርትቼ ወቀጥሁ፤ አንቺም በርትተሽ ነቀነቅሽ።"

"ታዲያ ለእናቴ ለምን አልነገሯትም?"

"በአንድ ቀን ሁለት ልጅ ልንጠቃት? እኔን ብትጠላ ጎረቤት አታጣም።" ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ከፍ ስትል ራሷ ትነግራታለች ብዬ ጠበቅሁ። ከፍ አልሽ፣ ጠበቅሁ። ወለድሽ፣ ጠበቅሁ። ዘይነባ ስትቀበር ዳር ቆሜ ያለቀስሁት ግን ለእሷ አይደለም፣ ልጄ። ለራሴ ነው።"

አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያኔ ከእናቴ ደጅ እስከ እሳቸው ደጅ ሁለት ቤት ብቻ ነበር። የዐሥር ዓመት አፌን አንዴ ብከፍት እናቴ ያን መንገድ ነጠላዋን ሳትለብስ ሮጣ እግራቸው ላይ ትወድቅ ነበር። አሁን የምፈራው ሰው የለም፣ አፌም ተከፍቷል። እናቴ ግን እትዬ ብርቄን እንደጠላች ሄዳለች።