ማሌፌጻኔ ያልጮኸበት ሐሙስ

ያን ዓመት ብርዱ ቶሎ የለቀቀን መስሎን ነበር። ነሐሴ ሳያልቅ ፀሐዩ ጀርባ ያሞቅ ጀመር፤ የኮክ ዛፎቹ አበቡ። እኛም ብርድ ልብሳችንን አጥበን ድንጋይ ላይ አሰጣን። ያ ደስታ ዛሬም ሲታወሰኝ ያሳፍረኛል።

በእኛ መንደር፣ በሌሶቶ ተራሮች ላይ፣ ማሌፌጻኔ የሚባል ሰው ነበር። ሚስቱ የሞተችበት፣ ስምንት ፍየል ያለው፣ ዝምተኛ ሰው። ማለዳ ማለዳ የአገሩን የአየር ትንበያ በራዲዮ ይሰማል። ከባሕር በኩል ቀዝቃዛ አየር ይመጣል፣ በረዶ ይጥላል ከተባለ፣ ጉብታው ላይ ወጥቶ ይጮኻል። ያን ቀን ማንም አይሸልትም፤ የተሸለተ ፍየል ብርድ አይችልማ። የዓመት ኑሯችን ደግሞ ሸልተን የምንሸጠው የፍየል ጸጉር ነው።

በዚያ ወር ሁለቴ ጮኸ። ሁለቴም በረዶው የተራራውን ጫፍ ጫፍ ብቻ አልብሶ አለፈ፤ እኛ በጋራው የመሸለቻ ቤት ተራችን አመለጠን። ምንጩ ጋ ሳገኘው አላስቻለኝም።

«ንታቴ በረዶ! ዛሬስ ስንት ብርድ ልብስ እንደርብ?»

«እሜ ማሊኔኦ፣ እኔ ራዲዮው ያለውን ነው የነገርኳችሁ» አለኝ፣ እንደ እናት በአክብሮት ጠርቶ።

«እንግዲያው ራዲዮህን ሸልተው! ከፍየሎቻችን ላይ ውረድ!»

ውሃ ሊቀዱ የመጡት ሴቶች ውሃቸው እስኪደፋ ሳቁ። ስሙም በዚያው ንታቴ በረዶ፣ አባባ በረዶ እንደማለት፣ ሆኖ ቀረ።

ሐሙስ ተራዬ ደረሰ። ማሌፌጻኔ በደጄ ሲያልፍ ቆም አለ።

«ዛሬ ነው የምትሸልቺው?»

«ምነው፣ ልትከለክለኝ ነው?»

«ኧረ እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ሄደ።

አርባ አንድ ፍየል ሸለትን። ቅዳሜ በረዶው እስከ ጉልበት ወረደ። ያለንን ብርድ ልብስ ሁሉ ደረብንላቸው፤ ዘጠኝ ብቻ ተረፉ። ማሌፌጻኔ በረዶውን እየጠረገ መጥቶ የሞቱትን አብሮኝ ጎተተ።

«ሐሙስ ጠዋት ሰምቼ ነበር» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «እንዳትስቂብኝ ብዬ ነው።»

የእሱ ስምንቱ ግን ጸጉራቸውን እንደለበሱ በረት ውስጥ ቆመዋል። መንደሩ ያን አየ፤ «አውቆ ነው ዝም ያለን» አለ። የመንደሩ አለቃ ሰው ሰብስቦ «ለእሱ የሚናገር አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከእኔ አፍ አንዲት ቃል አልወጣችም። የማሌፌጻኔን ስምንት ፍየሎች በዚያ ሳምንት ሸልተን ለከሰርነው አከፋፈለን። ሁለቱ ደረሱኝ፤ ተቀበልኩ።

በሳምንቱ ቤቱን ዘግቶ ሄደ። ማሌፌጻኔ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ከስድስት ዓመት በፊት ሌሪቤ ውስጥ ነው፤ የአንድ ጡብ ማምረቻ ዘበኛ ሆኖ።