በማንኪያ የሚነገር ቃል

ልጅ ሞቶ ሲወለድ አዋላጇ ድምፅዋን አትለውጥም ነበር። ገላውን አድርቃ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ለእናትየው ጀርባዋን ሰጥታ ትወጣለች። እናትየው «አላለቀሰም እኮ» ካለች፣ «ትንሽ ደክሞታል፣ ሙቀት ክፍል ይቆይ» ትላታለች። ከዚያ በረንዳው ላይ የሚጠብቁትን ፈልጋ በዓይኗ ትነግራቸዋለች። ወላዷ ደሟ እስኪቆም፣ ትኩስ ነገር እስክትቀምስ፣ እህቷ መጥታ አጠገቧ እስክትቀመጥ ልጁ «ደክሞታል»። በኋላ «ብሶበታል» ይባላል። በመጨረሻ ማንም ምንም ሳይላት እናትየው ራሷ ታውቀዋለች።

ይህን ያስተማሯት የማዋለጃ ክፍሉ አለቃ የነበሩት አሮጊት ናቸው። «ለወላድ ሞት በማንኪያ ነው የሚሰጣት» ይሉ ነበር። «በጣሳ ከሰጠሻት ያንቃታል።»

ይህን ደግነት ያልተቀበለች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ቁስሏ ከዳነ በኋላ ለምርመራ መጣችና፣ ተቀመጪ ስትባል እምቢ ብላ፣ እንደቆመች «ሳላቅፈው ቀበራችሁት» አለቻት። «የደበቅሽኝ አንቺ ነሽ።» አዋላጇ አገር ለቃ ስትሄድ ብዙ ነገር ጥላ ሄደች፤ ያቺ ሴት ግን አብራት ሄደች።

የሄደችው አዋላጅ ልትሆን ነው፤ አዋላጅ ሆና ሳለ። በሄደችበት አገር የእጇን ሥራ ያየ ሰው የለም፤ ፈተና ካላለፈች እንደገና ወላድ አትነካም። እስከዚያ ድረስ አረጋውያን መንከባከቢያ ገብታ ሽማግሌ ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ከብርጭቆ አውጥታ ታደርግላቸዋለች። «ሰው ሲመጣ ስቀበል ኖሬ፣ አሁን ሰው ሲሄድ እሸኛለሁ» ትላለች ለሻምበል።

ሻምበል ወታደር ሆና አታውቅም። እዚያው መንከባከቢያ የምትሠራ፣ አንዲት ቤት አብራት የተከራየች፣ በዕድሜ የምትበልጣት ያገሯ ልጅ ናት። ስሙ የወጣላት ሽማግሌዎቹን በትእዛዝ ስለምታበላቸው ነው።

ፈተናው ከክፍል ክፍል እየዞሩ የሚሠሩት ነው። በላስቲክ አሻንጉሊት ማዋለዱን አዋላጇ ዓይኗን ጨፍና ትወጣዋለች። ያቃታት ሌላው ክፍል ነው። እዚያ የተቀጠረች ተዋናይ አልጋ ላይ ሆና ትጠብቃለች፤ ተፈታኟ ልጇ መሞቱን ልትነግራት ይገባል። መጀመሪያ በተፈተነች ጊዜ አዋላጇ የተዋናይዋን እጅ ይዛ «ልጅሽን ትንሽ ደክሞታል» አለች። ወደቀች። በሁለተኛው «እንዳሰብነው አልሆነም» አለች። አሁንም ወደቀች። በዚያ አገር ደንብ «ሞቷል» የሚለው ቃል ካልተነገረ ሌላው ሁሉ ቢያምር ዋጋ የለውም፤ እናትን መዋሸት ነው። የቀራት አንድ ዕድል ነበር። ያም ካመለጣት ራሷ ጧሪ እስክትፈልግ ድረስ ጧሪ ሆና መቅረቷ ነው።

እናቷ በስልክ ይጠይቋታል። «የኔ ሐኪም፣ አሁንም የሰው ሽማግሌ ታጥቢያለሽ? ሳልሞት አዋላጅ ሆነሽ ልይ እንጂ።»

«አዋላጅ እኮ ነኝ፣ እማዬ።»

«እሱንማ እኔ አውቃለሁ። እነሱ ይወቁት።»

ሦስተኛው ፈተና ሲቃረብ እናትየው ስልክ ላይ መምጣት ተዉ። የምታነሳው ታናሽ እህቷ ናት። «ትንሽ ደክሟታል፣ እትዬ። ተኝታለች። አንቺ አርፈሽ ፈተናሽን አጥኚ።» አዋላጇ «ሳሚልኝ» ብላ ወደ ጥናቷ ተመለሰች።

አንድ እሑድ ከሰዓት ሻምበል ልታለማምዳት ሶፋው ላይ ትራስ ታቅፋ ተጋደመች።

«በይ፣ ወልጃለሁ።»

«ሳታምጪ?»

«እኔ እንደ ተራ ሰው አላምጥም። ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ወለደች ብለሽ አውርተሽ መሳቂያ እንዳታደርጊኝ።»

«ትራሱን አስቀምጪው። ልጁ ሞቷል እኮ።»

«ይኸው ለኔ ነገርሽኝ! ለተዋናይዋ ሲሆን ምን ምላስሽን ይይዘዋል?»

ተሳሳቁ። ከዚያ አዋላጇ ወንበር ስባ ተጠጋቻትና ዓይን ዓይኗን እያየች በባዕዱ ቋንቋ «በጣም አዝናለሁ። ልጅሽ ሞቷል» አለቻት።

ሻምበል ዓይኗን በትራሱ ጫፍ ጠረገች። ትራሱን እንዳቀፈች ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ የቧንቧው ውሃ ብዙ ጊዜ ሲወርድ ተሰማ።

«አንቺን ነበር መቅጠር!» ብላ ጮኸች አዋላጇ። «ተዋናይዋ እንኳ እንዲህ አልሆነችም።»

«ሽንኩርት ነው» አለች ሻምበል ከውስጥ።

የፈተናው ቀን አልጋው ላይ የጠበቀቻት ጥፍሯን የምትነክስ ልጅ እግር ተዋናይ ናት። «ልጄ የት ነው?» አለች። በአዋላጇ ጆሮ አሮጊቷ አለቃ «በማንኪያ» አሉ። ያቺ አልቀመጥም ያለችው እናትም እዚያው ቆማ ነበር።

«በጣም አዝናለሁ። ልጅሽ ሞቷል።»

ከአፏ ሲወጣ ቀላል ሆኖ አገኘችው፤ ያ ራሱ አስደነገጣት። ተዋናይዋ ፊቷን ሸፈነች። አዋላጇ ስትወጣ ፈታኟ ዝቅ ባለ ድምፅ «አሁን ተሳካልሽ» አለቻት።

ቤት ስትደርስ ሻምበል ሥራ መግባት ሲገባት ቤት ነበረች፤ ሻይ ጥዳለች። አዋላጇ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ደወለች። «አለፍኩ መሰለኝ! እማዬን ስጪኝ።»

እህቷ ትንፋሽ ወሰደች። «ትንሽ ደክሟታል፣ እትዬ…»

ያን ጊዜ ገና ሰማችው። አባባሉ የራሷ ነው። ድምፅን ሳይለውጡ፣ «ትንሽ»ን አስቀድመው።

«አጠገቤ ማን እስኪቀመጥ ነው የምትጠብቂው?»

«ሻምበል የለችም?» አለች እህቷ።

አዋላጇ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ሻምበል። ንገሪኝ።»

«መጀመሪያ ጫማሽን አውልቂ።»

«ሻምበል!»

«ሻይ ቅመሺ፣ በባዶ ሆድሽ…»

«ቃሉን በዪው። እኔ ዛሬ ብዬዋለሁ። አንድ ቃል ነው።»

ሻምበል አፏን ከፈተች። ያ ሽማግሌዎቹን የምታዝበት ድምፅ አልወጣም። አዋላጇ ጀርባዋን አቅንታ፣ እንደተማረችው፣ በባዕዱ ቋንቋ ራሷ ለራሷ አለችው። «በጣም አዝናለሁ። እናትሽ ሞታለች።»

ሻምበል አንገቷን ደፋች።

«መቼ?»

«ያለማመድኩሽ እሑድ ጠዋት ደወሉልኝ። ፈተናው እስኪያልፍ ብለው አስማሉኝ።»

«ተቀበረች።»

«ተቀበረች፣ እታለም።»

«ሳላቅፋት» አለች አዋላጇ። የማን ንግግር እንደሆነ ታውቃለች።

መጮህ ፈልጋ ነበር። ልትቆጣ፣ ብርጭቆ ልትሰብር፣ እኔን ለመደበቅ ማን ፈቀደላችሁ ልትል። ያ ግልጽ፣ ንጹሕ ቃል ግን ጉሮሮዋ ላይ ቆሞ፣ ወደ ታችም ወደ ላይም እምቢ አላት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች።

«ሻምበል።»

«ወዬ።»

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ገና እንዳልሰማሁ አድርገሽ።»

ሻምበል መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ሻዩን አማስላ በእጇ አስያዘቻት፤ ሌላውን እጇን ራሷ ያዘችው።

«ባለፈው ሰሞን» አለች፣ «እናትሽን ደክሟት ነበር።»

«ብዙ?»

«ኧረ ትንሽ። ትንሽ ነው።»

አዋላጇ ከሻዩ አንድ ጊዜ ተጎነጨች።

«እሺ» አለች። «ከዚያስ?»