ቬርና የሳቀችበት ጥሪ

ቬርና ስቶልትዝ በፔንስልቬንያ ኮረብቶች መሃል ባለች አንዲት ትንሽ ኮሌጅ የጥበቃ ክፍሉን ስልክ ሃያ ሁለት ዓመት አነሳች። ሰው ሁሉ በጨዋታዋ ይወዳት ነበር። ያን ተጫዋች ምላሷን ዛሬ ቆርጣ ብትጥለው ደስታዋ ነው።

ከምስጋና በዓል ቀጥሎ ባለው ሰኞ የአጋዘን አደን ይከፈታል። አገሬው ጫካ ይገባል፤ ከጎህ ጀምሮ በየኮረብታው ተኩስ ይሰማል። ከከተማ የመጡ ተማሪዎች ደንግጠው ሲደውሉ ቬርና፣ "አደን ነው ልጄ፣ ትምህርትህን ተማር" እያለች ታረጋጋቸዋለች። አንድ ዓመት ግን የደወለው የቤተ መጻሕፍቱ ጽዳት ሠራተኛ ሃርላን ሆነ፤ ትልቅ ሰውዬ፣ የፊላደልፊያ ልጅ። ወዲያው "ጄኔራል" የሚል ስም አወጣችለት። ዓመቱን ሙሉ ባገኘችው ቁጥር፣ "ጄኔራል፣ ጦርነቱ እንዴት ነው?" ትለዋለች። እሱም ይስቃል።

በዓመቱ፣ በዚያው ሰኞ ጠዋት፣ እንደገና ደወለ።

"ቬርና፣ እኔ ነኝ። እንዳትስቂብኝ። ተኩስ ነው።"

"ጄኔራል! ዘንድሮስ ረሳኸን ብዬ ነበር እኮ።"

"የምሬን ነው። እዚሁ ግቢ ውስጥ ይመስለኛል። አያቋርጥም፤ እስከ ሃያ ቆጠርኩ።"

"አይ አንተ! አዳኙ በዝቶ ነው። በል ወለልህን ወልውል።"

"እሺ እንግዲህ" አለ። "ለማንኛውም በሩን ልቆልፈው።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ቬርና የአዳኝ ልጅ ናት። አባቷ፣ "አንድ ተኩስ ሥጋ ነው፤ ሁለት፣ ምናልባት፤ ሦስት ከሰማሽ ዛሬ እራት የለም" ይላት ነበር። በዚያ አገር የአጋዘን ጠመንጃ ቢበዛ አራት አምስት ጥይት ይይዛል፤ በየተኩሱም መቀርቀሪያው ይሳባል። ሃያ ጥይት ሳያቋርጥ የሚተፋ መሣሪያ የአዳኝ እንዳልሆነ ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ታውቃለች። ታውቃለች፤ ግን ሳቋ ቀደማት።

ከሁለት ደቂቃ በኋላ ስልኩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኸ። ያኔ ፖሊስ ጠራች። ፖሊሶቹ ደርሰው ተኳሹን ሠላሳ ሠላሳ ጥይት የሚይዙ ሁለት ካዝናዎች ጨርሶ ሦስተኛውን ሲያጎርስ ያዙት። ሃርላን አርባ ተማሪዎችን ንባብ ክፍሉ ውስጥ ቆልፎባቸው ነበር። የበሩ ቁልፍ በውጭ በኩል ነው፤ እሱም በውጭ በኩል ቀረ።

አጣሪ ኮሚቴው፣ "የሁለት ደቂቃ መዘግየት፤ በአደን መክፈቻ ቀን ማንም የሚሳሳተው ስህተት" ብሎ ጻፈ። ቬርናን ማንም አልወቀሳትም። እሷ ግን ሥራዋን ለቀቀች። ሁለቱን ደቂቃ ይዛቸው ትተኛለች፣ ይዛቸው ትነሳለች። በጸደይ አልቻለችምና የሃርላን ሚስት ሎይስ ዘንድ ሄዳ፣ ቀልዷን ሳይቀር፣ ሁሉንም ነገረቻት።

"ሁለት ደቂቃ ቀድሜ ፖሊስ ብጠራ ኖሮ፣ ሎይስ..."

ሎይስ አልተቆጣችም። ከመሳቢያ የሟች ባሏን ስልክ አውጥታ ሰጠቻት።

"ይህን ለኮሚቴው አላሳየሁም" አለች።

ሃርላን ለቬርና ከመደወሉ አምስት ደቂቃ በፊት ለሚስቱ የላከው መልእክት ነበር። "ተኩስ የሰማሁ መሰለኝ። ለቬርና ብደውልላት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ታደርገኛለች።"

ቬርና አነበበችው። ሁለት አልነበረም፤ ሰባት ደቂቃ ነው። ስልኩን ልትመልስ ስትል ሎይስ እጇን ያዘቻት።

"ከሥሩም አንብቢው" አለቻት።

ከሥሩ የሎይስ መልስ ነበር። "ተወው በቃ፣ መሳቂያ አትሁን።"