የበዓል ቀን ተማሪዎች

በቡሬ ገጠር ሁለተኛ ክፍል የምታስተምረው ሸጋዬ ሳምንቱን ሙሉ እርር ድብን ስትል ሰነበተች። ሰኞና ማክሰኞ ልጆቹ በቆሎ ሲኮተኩቱ ስለዋሉ ለባዶ ዴስክ አነበበች። ረቡዕ ሚካኤል ነበር፤ በበዓል እርሻ አይነካምና ክፍሉ ግጥም ብሎ ሞላ። ሐሙስ ተመልሶ ኦና ሆነ።

ዓርብ አቶ ገብረሰንበት የክፍሉ በር ላይ ቆመው ጮኹባት።

«አንቺ መምህርት! ልጄ ዓመቱን ሙሉ ተመላልሳ ስሟን መጻፍ አቃታት። ምንድን ነው የምታስተምሪያት?»

ሸጋዬ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ልጅዎን የሚልኩልኝ እርሻ በማይነካበት ቀን ብቻ ነው! እስቲ እርስዎም በሚካኤልና በማርያም ዕለት ብቻ በሬ ጠምደው ይረሱና፣ ጎተራዎ ውስጥ የሚገባውን ያሳዩኝ።»

አቶ ገብረሰንበት በድንጋጤ አማተቡ።

«አዎ ያማትቡ!» አለች። «እኔም ዓመቱን ሙሉ ሳማትብ ነው የከረምኩት።»