ከአቡጀዲው ወዲያ

ሚስቴን ከአጋሮ አግብቼ ጅማ ካመጣኋት ሦስት ወር ሆኗታል፤ እናቷን ናፍቃ ከሰው ጋር አታወራም። ዓርብ ወደ እናቷ ልትመለስ ልብሷን በሻሽ ቋጥራ በሩ ሥር አስቀምጣለች። እዚያው ጅማ መርካቶ ጆንያ ስሰፋ ውዬ ስገባ መጀመሪያ የማየው ያንን ቋጠሮ ነው። ካለ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልሄደችም እላለሁ።

ጊዜው የደርግ ነው። በዚያ ሰሞን ቀበሌው ፊልም ሊያሳይ ነው ተባለ። የቡና መጋዘኑን መስኮት ሸፍነው መሀል ላይ ነጭ አቡጀዲ ወጠሩ። ወንዶቹ የፊልሙ ማሽን ባለበት በኩል፣ ሴቶቹ ከአቡጀዲው ወዲያ ተቀመጥን። መጀመሪያ ትራክተር አሳዩን፤ እሱ ረጅም ነው። ቀጥሎ በረዶ አገር ያለ አንድ ደራሲ መጣ። ለበዓላቸው መጽሐፍ ሊያደርስ ይጽፋል፣ ይቀድዳል፣ ደግሞ ይጽፋል። በዓሉ ደረሰ፤ መጽሐፉ አልጨረስ አለው። «ቶሎ በል እንጂ ሰውዬ!» እያሉ ወንዶቹ ይጮሁበታል።

ስንመለስ እሷ ናት ወሬ የቀደመችኝ።

«አየኸው? የኛ ሰው ነው ወላሂ! ከቀኝ ነው የሚጽፈው፣ ልክ አባቴ ዐረብኛ እንደሚጽፈው።»

«ማን?»

«ደራሲው ነዋ! ለዒድ ነው የሚያደርሰው። ተኝተህ ነበር እንዴ?»

እኔ ያየሁት ከግራ ሲጽፍ ነው። እሷ ያየችው የጨርቁን ጀርባ፣ ሁሉ ነገር የተገለበጠበትን ነው። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ፊቷን ሳየው በሰው አገር ዘመድ ያገኘች ትመስላለች።

«አይደል?» አለችኝ።

«ኤዬ፣ አዎ፣ ከቀኝ ነው» አልኳት።

ቤት ስንገባ ቋጠሮውን ብድግ አደረገችው። ፈታችና ልብሷን አንድ በአንድ ምስማር ላይ ሰቀለች።

«ሌላ ፊልም ሳላይማ አልሄድም» አለች።

ልጆች ወለደችልኝ። ለእነሱም በረዶ አገር ስላለው ሰውዬ ስታወራ እኔም «ከቀኝ ነው» እላለሁ። አንድ ቀን እነግራታለሁ እያልኩ፣ ብትስቅብኝም ደስ ይለኛል እያልኩ፣ ቀደመችኝ። አላህ ይማራት።

ባለፈው ልጄ ቤት ተቀምጬ ሳለ ያው ፊልም በቴሌቪዥን መጣ። ሰውዬው ዛሬም በዓሉ እየደረሰበት፣ ከግራ ይጽፋል። በሷ በኩል ልየው ብዬ ተነስቼ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ዞርኩ። ሽቦና አቧራ ነው።

«አባባ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለችኝ የልጄ ሚስት።

«ምንም» አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ። መጽሐፉን እስኪጨርስ አየሁት።